«አትጠቅልሉት» ብሎ መሄድ አይበቃም

ህፃኑ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መጋረጃው ወርዷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ከደብረ ብርሃን በማለዳ መኪና የመጡት አያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላ ዘርግተዋል። የህፃኑን ሁለት እግሮች ገጥመው ወደ ታች ለጠጥ አደረጓቸው። እጆቹን ከጎኑ ጋር አስተካከሉ። ጥፍር አድርገው ጠቀለሉት፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ጨመሩ፣ በመጨረሻም የነጠላውን ጫፍ ፊቱ ላይ ጣል አደረጉ።

«እማዬ፣ ሐኪሟ አትጠቅልሉት ብላለች እኮ» አለች አራሷ ቀስ ብላ።

«ሐኪሟ ስንት ልጅ አሳድጋለች?»

ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ። አራሷ ዝም አለች። ባልም ዝም አለ። ህፃኑም ዝም ብሎ ተኛ። የህፃኑ ዝም ማለት ደግሞ ለአያት የማያሻማ ማስረጃ ሆነ። «አየሽ? ሲሞቀው ተኛ።»

ይህ ትዕይንት የአንድ ቤት አይደለም። ከሐኪም ቤት የተመለሰች አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድም በሌላም መልኩ ይደገማል። በየቤቱም አሸናፊዋ አያት ናት። ለምን እንደምታሸንፍ መጠየቅ ደግሞ ማን ልክ ነው ብሎ ከመከራከር ይልቅ ለህፃኑ ይጠቅመዋል። ምክንያቱም እውነቱ ግማሽ ግማሽ ነው። ሐኪሟ የፈራችው ነገር አለ፤ አያትም የምታውቀው ነገር አለ። ችግሩ ሁለቱ ሴቶች ተገናኝተው አለማወቃቸው ነው።

መጀመሪያ የአያትን እንስማ።

አያት የምትጠቀልለው ልጁን ለመጉዳት አይደለም። ብርድን ስለምታውቀው ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደባርቅ ወይም ጋሳይ ላይ ሌሊት የወለደች ሴት ያየችውን ብርድ ቦሌ ላይ የተወለደ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። ገና የተወለደ ልጅ ቆዳው ስስ ነው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ትንሽ ነው፣ ከሰውነቱ ክብደት አንፃር ለአየር የተጋለጠው ገላው ብዙ ነው። እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅም አይችልም። ስለዚህ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ልጅ ሲሆን ደግሞ ብርድ ሌላውን ሕመም ሁሉ ያባብሳል፣ የመጥባት አቅሙን ይወስዳል፣ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በህይወት ከሚወለዱ 1000 ህፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ2019 የተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ ቁጥሩን 33 አድርሶታል። ትልልቆቹ ህፃናት ላይ ሞት በቀነሰባቸው ዓመታት የጨቅላዎቹ አልቀነሰም። አያት ይህን ቁጥር አታውቀውም። የቀበረቻቸውን ግን ታውቃለች። እጇ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛም ታውቃለች፦ ጨቅላ ይባንናል። ተኝቶ ሳለ ድንገት እጆቹን ዘርግቶ እንደሚወድቅ ሰው ይደነግጣል፣ ራሱንም ይቀሰቅሳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ጤነኛ ህፃን አብሮት የሚወለድ ምላሽ ነው። እጁን ሰብሰብ አድርጎ የያዘ ጨርቅ ይህን ድንጋጤ ያበርድለታል። ዘጠኝ ወር ጠባብ ቤት ውስጥ የኖረ ልጅ ድንገት ሰፊ ዓለም ላይ ሲጣል ጥብብ ያለ ነገር ቢያረጋጋው አይገርምም። አያት ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችም፣ ግን ልክ ናት።

ስለዚህ «አትጠቅልሉት» የሚለው ትዕዛዝ ገና ሲነገር ይወድቃል። ለዘመናት የሠራን፣ ውጤቱም ዓይን ላይ የሚታይን ነገር ያለ ምትክ «ተዉት» ይላልና። የሚተው የለም።

አሁን ደግሞ የሐኪሟን።

ጥፋቱ ያለው ጨርቁ ላይ አይደለም። ጥፋቱ ከአያት እጅ በደቂቃ ውስጥ ያለፉት አራት ነገሮች ላይ ነው፦ እግሩን መለጠጥ፣ ላይ በላይ መደራረብ፣ ፊቱን መሸፈን፣ ከዚያም በጎኑ ወይም በሆዱ ማስተኛት። አራቱንም አንድ በአንድ ማየት ይገባል፤ በየራሳቸው መንገድ ይጎዳሉና።

ከእግሩ እንጀምር። «እግሩ እንዲቃና ነው» ይባላል። ጨቅላ ሲወለድ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጭኑ ወደ ሆዱ ተሰብስቦ እንደ እንቁራሪት ከፈት ብሎ ነው። ይህን ያየች እናት ልጇ ወልጋዳ እንዳይሆን ትሰጋለች። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የጭን አጥንት ራስ የሚቀመጥበት የዳሌ ጎድጓዳ በዚህ ዕድሜ ገና ለስላሳ ነው፤ አብዛኛው እንደ ጆሮ ጫፍ የሚታጠፍ ልም አጥንት ነው። ጎድጓዳው በደንብ ክብ ሆኖ የሚያድገው የአጥንቱ ራስ መሐሉ ላይ በሚገባ ሲቀመጥ ነው። ለዚህ የሚመቸው ደግሞ ያ የእንቁራሪት አቀማመጥ ነው። እግሮቹ ተገጥመውና ተለጥጠው ሲታሰሩ የአጥንቱ ራስ ከጎድጓዳው ወደ ዳር ይገፋል። ቀን ከሌት ለሳምንታት ሲደጋገም የላላ ዳሌ ያለው ልጅ መገጣጠሚያው ሊወልቅበት ይችላል። ያን ጊዜ ማንም አያየውም፤ ልጁ አያለቅስም፣ አያብጥም። የሚታየው መራመድ ሲጀምር፣ አንድ እግሩ አጥሮ ሲያነክስ ነው። ያኔ ነጠላውን የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም። «ልክፍት ነው» ወይም «ወድቆ ነው» ይባላል።

እግር መቃናት የሚፈልግ ከሆነ በራሱ ጊዜ ይቃናል። ወልጋዳ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እንደርሳለን።

ይህ የግምት ወሬ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ጨቅላን እግሩን ለጥጦ መጠቅለል የቆየ ልማድ ነበር። በዚያ ዘመን የዳሌ መውለቅ ከሚወለዱ 100 ህፃናት ከ1 እስከ 3 በሚደርሱት ላይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 አካባቢ ሀገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። መልእክቱ የህፃኑ ዳሌና ጉልበት ተለጥጦ እንዳይታሰር የሚል አንድ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከ1000 ህፃናት ከ2 በታች ወረደ። ለኢትዮጵያ ትልቁ ትምህርት ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። ዘመቻው በተለይ ለማን እንደተነገረ ነው። ለአያቶች ነበር! ጃፓኖቹ ጨርቁን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አውቀው ወደዚያ እጅ ሄዱ።

የሀገሬው ሴቶች ለዚህ ችግር መድኃኒቱን ከጥንት ጀምሮ በጀርባቸው ተሸክመውታል። አንቀልባ ነው። ልጅ ሲታዘል ጭኑ ግራና ቀኝ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ የእናቱን ወገብ አቅፎ ነው የሚቀመጠው። ሐኪሞች ዳሌው የላላ ልጅ ሲያገኙ በማሰሪያ የሚያስቀምጡት በዚሁ ዓይነት አቀማመጥ ነው። እናቶች ልጅ በሚያዝሉባት ማላዊ አንድ ሆስፒታል በአስር ዓመት ገደማ ካያቸው ከ40 ሺህ በላይ ህፃናት መካከል ለዚህ የዳሌ ችግር ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው አንድም አልነበረም። አንቀልባና ሽርጥ እንደ ኋላ ቀርነት በሚታይበት ከተማ ይህ ሊነገር ይገባዋል። ነገር ግን ልጅ የሚታዘለው አንገቱ ሲጠና ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት የነጠላው ዘመን ናቸው፤ ዳሌው በጣም ለስላሳ የሆነውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

ሁለተኛው መደራረብ ነው። ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ጋቢ። በዚያ ላይ የተዘጋ ክፍል። በአንዳንዱ ቤት ደግሞ ከሰል። ከሰሉ ብቻውን ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ሽታ የሌለው ጭሱ እናትንም ልጅንም እንደተኙ ሊያስቀራቸው ይችላል። ሙቀቱም ቢሆን ወዳጅ ብቻ አይደለም። ጨቅላ ብርድ ሲመታው ራሱን እንደማያሞቅ ሁሉ ሲሞቀውም ብርድ ልብሱን ገፍትሮ አይጥልም። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ህፃናት ተኝተው ሳይነቁ ከሚቀሩበት ድንገተኛ ሞት ጋር ከሚያያዙት ነገሮች አንዱ ነው። «ሲሞቀው ተኛ» የሚለው ማስረጃም እዚህ ላይ ይላላል። በጣም የሞቀው ልጅ ከባድ እንቅልፍ ይተኛል። ከባድ እንቅልፍ የተኛ ጨቅላ ደግሞ ለመጥባት አይነሳም፣ ትንፋሹ ሲያጥረውም ቶሎ አይነቃም። የተራበ ልጅ ከማልቀሱ በፊት እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ እጁ የታሰረበት ግን ምልክቱን መስጠት አይችልም።

ሦስተኛው ፊቱን መሸፈን ነው። እዚህ ላይ ብርድ ብቻ አይደለም ያለው። ዓይን አለ፣ ቡዳ አለ፣ ምች አለ፣ የአላፊ አግዳሚ ሰው እይታ አለ። ይህን ማቃለል አያዋጣም። እናት የምትፈራውን ነገር የሳቀባት ባለሙያ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ አትሰማውም። ነገር ግን ፊት መሸፈን ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ወዲያው ነው፦ ጨርቁ ሥር ያለው አየር ልጁ ራሱ ያስወጣው አየር ነው፤ ደጋግሞ የሚተነፍሰው እሱኑ ነው። ጨርቁ ሲረጥብ ወይም አፍንጫው ላይ ሲለጠፍ እጁ የታሰረ ልጅ ሊያነሳው አይችልም።

ሌላው ዋጋ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ሀገሪቱ ለቱሪስት የምታስተዋውቀው በ13 ወር ፀሐይ ነበር። ልጆቿ ግን በፀሐይ እጦት አጥንታቸው ሲለሰልስ ኖሯል። ሰውነት ካልሲየምን ለአጥንት የሚያደርስበትን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ሲነካው ነው። በጨርቅና በመስታወት አልፎ አይመጣም። በቂ ቫይታሚን ዲ ያላገኘ ልጅ የደረቱ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩ ይወለግዳል፣ ጥርሱ ይዘገያል። እግር ያወለግዳል የተባለው ሌላ ነገር ይህ ነው። እግሩ እንዲቃና ተጠቅልሎ ጨለማ ቤት የከረመ ልጅ በጨለማው ምክንያት እግሩ ይጎብጣል። ጉዳቱ አጥንት ላይ ብቻ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የህፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ህፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነፃፅሮ ነበር። ከታመሙት መካከል 210ሩ የአጥንት መለስለስ ነበረባቸው። ካልታመሙት 20ዎቹ ብቻ። ደረቱ የለሰለሰ ልጅ በደንብ መተንፈስና መሳል ስለማይችል ሳንባው በቀላሉ ይጠቃል። «ንፋስ እንዳይመታው» ተብሎ የተደበቀ ልጅ የሚታመመው ያንኑ የተፈራውን ሕመም ነው።

አራተኛው አስተኛኘቱ ነው። «ትውከቱ እንዳያንቀው» ተብሎ የተጠቀለለው ልጅ በጎኑ ይደረጋል፤ ከኋላውም ትራስ ይደገፋል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው የሚሆነው። ወደ ላይ የመጣ ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን አቀማመጡ ይገለበጣል። በጎኑ የተደረገ ጥቅልል ደግሞ ቀላል ነው፤ ትንሽ ሲገፋ በሆዱ ይገለበጣል። እጁ የታሰረ ልጅ በሆዱ ሲሆን ራሱን ቀና የሚያደርግበት ምንም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የታተመ የአራት ጥናቶች ትንተና ይህንኑ አሳይቷል፦ ተጠቅልሎ በጎን የተኛ ልጅ በጀርባው ከተኛው ይልቅ ለድንገተኛ ሞት ይጋለጣል፤ በሆዱ የተኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ህፃናትን በጀርባቸው የማስተኛት ዘመቻ ከጀመረች በኋላ በነበሩት ዓመታት ይህ ዓይነቱ ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በጀርባ ማስተኛት ገንዘብ አይጠይቅም፤ መድኃኒትም አይጠይቅም።

በዚህ መሐል አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ልጃቸውን ለማረስ ወደ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው። አጥሚቱን፣ በሶውን፣ ቅቤውን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቀው ሲደርሱ የፈረንጅ ሐኪም ቤት ውስጥ የልጅ ልጃቸውን የሚያገኙት እንዴት ሆኖ ነው? ተጠቅልሎ! ነርሷ ራሷ ዳር ዳሩ ሰማያዊና ሮዝ መስመር ያለበት ጨርቅ ውስጥ እንደ ሳምቡሳ አጥፋ ሰጥታቸዋለች። «ይኸው! እነሱም ይጠቀልላሉ» ብለው ይኮራሉ። ልክ ናቸው፣ ይጠቀልላሉ። ሱቁ ውስጥም ሳሳ ያለ የጥጥ ጨርቅ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ ሲነኩት ከነጠላ ብዙም አይለይም። ግን በደንብ ካዩ ልዩነቱ ይታያል። የነርሷ ጥቅልል በአንድ ጨርቅ ብቻ ነው። ከታች ላላ ይላል፣ እግሩ ይንቀሳቀሳል። ፊቱ ክፍት ነው። አልጋው ላይ ትራስም ብርድ ልብስም የለም። ልጁ በጀርባው ተኝቷል። የመገልበጥ ምልክት ማሳየት ሲጀምር ደግሞ ጥቅልሉ ጨርሶ ይቀራል።

ስለዚህ ክርክሩ በባህልና በዘመናዊነት መካከል አይደለም። በሁለት ዓይነት አጠቃለል መካከል ነው።

እዚህ ላይ ከየቤቱ የሚነሳ አንድ መልስ አለ። «ሁላችንም እንደዚያው ተጠቅልለን አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?» ቡና ላይ ይህን የሚመልስ ሰው የለም፤ ጠንካራ ይመስላል። ግን ቡናው ላይ የተቀመጡት ያደጉት ብቻ ናቸው። ያላደጉት ሲኒ አያነሱም። ከዚያች ደብረ ብርሃን ካሉ አያት ጋር ቁጭ ብሎ «ስንት ወለዱ?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፤ የወለዱትና ያሳደጉት። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ምን ገደላቸው? አንዱን ኩፍኝ፣ አንዱን ተቅማጥ፣ አንዱን «ተኝቶ ቀረ»። ጥቅልሉ ሁሉንም ገደለ የሚል ሰው ይዋሻል። ማንንም አልጎዳም የሚልም ሰው አላየም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይደርስም?

መልሱ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሟል። በ2016 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ100 26 ነበሩ፤ በ2019 48 ደርሰዋል። ትልቅ እመርታ ነው። ግን የወለደች ሴት ተቋሙ ውስጥ የምትቆየው ብዙ ጊዜ ከ24 ሰዓት አይበልጥም። በዚያች ቀን ደም ፈሷታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ጡቷ አልያዘም። ስትወጣ አንዲት የደከመች አዋላጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሥር ምክር ትነግራታለች፤ እትብቱን፣ ክትባቱን፣ ጡቱን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን። «አትጠቅልሉት» ከአሥሩ አንዱ ነው። ግቢው በር ላይ ደግሞ ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚትና በጨርቅ የተቋጠረ ገንፎ ይዘው የቆሙ ሴት አሉ። ጥበቃው «የጠያቂ ሰዓት አልደረሰም» ብሎ መልሷቸዋል። ያን ልጅ ለሚቀጥሉት 40 ወይም 80 ቀናት የሚያጥቡት፣ የሚጠቀልሉት፣ የሚያስተኙት እሳቸው ናቸው። ምክሩ የተነገረው ግን ከውስጥ ላለችው ነው። ከአልጋዋ ሳትነሳ በእናቷ እጅ ለምትኖረው፣ «እምቢ» ለማለት አቅምም ወግም ለሌላት ልጅ ነው የተነገረው።

በሌላ አነጋገር ስርዓቱ ሥልጣን የሌላትን አስተምሮ ሥልጣን ያላትን በር ላይ ያቆማል። ከዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱ ይጣሉ ይላል።

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። አስታማሚዋን አስገባ። ያመጣችውን ነጠላ ተቀበላት። ልጁን ከፊቷ አድርገህ አንድ ጊዜ ጠቅልለህ አሳያት፤ ከዚያ እሷ ትጠቅልለው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እጅ የለመደውን ነገር የሚያስተወው ሌላ እጅ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይደለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሊሠሩት ይችላሉ፤ ወደ አራስ ቤት ሲገቡ ግን «እናትየዋን ላናግር» ከማለት በፊት «እማማ፣ እስቲ እንዴት እንደሚጠቀልሉት ያሳዩኝ» ማለት አለባቸው። ያ ጥያቄ ክብር አለው። ክብር ያገኘች አያት ደግሞ ትማራለች። ከጡጦ ወተት ይልቅ የመጀመሪያው እንገር እንደሚሻል፣ ልጁ ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንዳለባት የተማረችው እሷው ናት። አትለወጥም የተባለው በሐሜት ነው።

ምን ትማር? ዝርዝሩ አጭር ነው፤ አንዲት አያት አንድ ጊዜ ሰምታ የምትይዘው ነው።

ሳሳ ያለ አንድ ጨርቅ ይበቃል፤ ነጠላ ከተገኘ እሰየው፣ ጋቢ ግን አይሆንም። ጨርቁ ከትከሻ በላይ አይውጣ። እጆቹ ደረቱ ላይ ይሰብሰቡ እንጂ ከጎኑ ጋር አይጠፈሩ። ደረቱና ጨርቁ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይግባ። ከወገብ በታች ላላ ይበል፣ ልጁ ጉልበቱን አጥፎ እንደ እንቁራሪት መክፈት ይቻለው፤ በመቀነት ሸብ የሚባል ነገር የለም። ፊቱ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ኮፍያ ካስፈለገም ከቅንድቡ በላይ ይቁም። ሲተኛ በጀርባው፣ አጠገቡ ትራስ ሳይኖር። ከእናቱ ጋር በአንድ አልጋ የሚያድር ልጅ እጁ አይታሰር፤ የእናቱ ገላ ያሞቀዋል፣ ጋቢው ፊቱ ላይ ቢወድቅ ደግሞ የሚታገልበት እጅ ያስፈልገዋል። ብዙ ሞቆት እንደሆነ ለማወቅ ማጅራቱን ወይም ደረቱን በእጅ ዳሰስ ማድረግ ነው፤ ካላበው አንድ ልብስ ይነሳለት። ሆዱ ከቀዘቀዘ ግን ጨርቅ ከመደራረብ በፊት ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አድርጎ ሁለቱንም አንድ ላይ መሸፈን፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ። በቀን ደጋግሞ ይፈታ፤ እግሩን ያወናጭፍ። በተፈታ ጊዜም ይታይ፤ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆኗል? እትብቱ ቀልቷል? ትንፋሹ ፈጥኗል? የተጠቀለለ ልጅ ሕመሙም ይጠቀለላል። የመገልበጥ ሙከራ ሲጀምር ነጠላው ሥራውን ጨርሷል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ሦስትና አራት ወር ላይ ነው፣ ቀድሞ በሁለት ወር የሚጀምርም አለ።

ዓይን ለሚፈሩትም መላ አለው። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ ማስገባት ይቻላል፤ ጠያቂው እንዲቀንስ ማድረግም ይቻላል፤ ለጤናውም እንደዚያው ይሻላል፣ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ከቡዳ የባሰ ነውና። ከሰው ዓይን መሰወር ማለት ከአየር መሰወር ማለት አይደለም።

ወደዚያ አራተኛ ፎቅ እንመለስ። አያት በመጨረሻ ቃል አሸንፈዋል። ነገር ግን ክርክሩ ሌላ ቦታ ቢጀመርስ? ከሁለት ቀን በፊት በሐኪም ቤቱ አዋላጇ ከበር አስገብታቸው፣ ወንበር ሰጥታቸው፣ «እንኳን ማርያም ማረችልዎት፤ እማማ፣ ነጠላውን ይስጡኝ» ብትላቸው? የልጁን ጉልበት በጣቷ አጠፍ አድርጋ «ይኸውልዎት፣ በዚህ በኩል ላላ፣ በዚህ በኩል ጠበቅ። እግሩ እንዲቃና እንዲህ ይከፈት። አሁን እርስዎ ይሞክሩት» ብትላቸው?

ያን ጊዜ አራሷ ምንም መከራከር ባላስፈለጋት። ጎረቤት መጥታ «ምነው እንዲህ አላልታችሁት?» ስትል አያት ራሳቸው ይመልሱላት ነበር። ልጃቸው ፈርታ በቀስታ ያለችውን እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሉት ነበር። «ተይው፣ እኔ አውቃለሁ። ዳሌው ነው የሚጎዳው።»

በዚያ ቤት ደግሞ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነው።